መነጽሩን ማን አጠለቀው?

ኡስታ ሃፍቱ የሞተው ሰኞ ረፋድ፣ ሱዳን ውስጥ ያለው የቱነይድባ ስደተኞች ሰፈር ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ውኃ ሲጠብቁ ነው። ፓምፑ ከንጋት ጀምሮ ቆሟል። በሰፈሩ ፓምፕ የሚያክም ኡስታ፣ ማለትም ባለሙያ፣ ከሱ በቀር አልነበረምና፣ ሃፍቱ ቦርሳውን አንግቶ መጥቶ ከውኃው አፍ አጠገብ ባለችው፣ ሰው እስከ ወገቡ በምትውጥ የሲሚንቶ ጉድብ ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይታ ሻይ ሻጯ ትዕበ ብርጭቆ ይዛለት ብትሄድ፣ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ቀኝ እጁ የተላጠውን ሽቦ እንደጨበጠ አገኘችው። ጩኸቷ እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ።

ሰው ተንጋግቶ ወደ ጀኔሬተሩ ክፍል ሲሮጥ እዚያ ያገኘው ዘበኛውን እስማኤልን ነው። ጀኔሬተሩ ያጓራል፣ የግድግዳው ማብሪያ እጀታ እስከ ታች ወርዷል፣ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆሟል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? የሰፈሩ ፖሊስ ምሳ ሳይደርስ አሰረው።

መርማሪ ሙዳሲር ከገዳሪፍ የደረሰው በማግሥቱ ማክሰኞ ነው። የመጣውም፣ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ሊመረምር ሳይሆን መዝገብ ሊዘጋ ነበር። አለቃው በስልክ፦ «ገዳዩ ተይዟል። ቃሉን ተቀበልና ሐሙስ ቀትር ላይ ወደ ገዳሪፍ እስር ቤት ጭነህ አምጣው፤ ኸላስ!» ብሎታል። ሙዳሲርን የላከውም እናቱ የመተማ ሴት ስለነበረች፣ አማርኛውን ከጡት ጋር ስለጠባ ነው። ሐበሻ የሞተበት ወይም ሐበሻ የገደለበት ነገር ሁሉ እሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሲወድቅበት ኖሯል፤ መሮታል።

እስረኛው የተዘጋበት ባዶ ኮንቴይነር ነው። በሩ ላይ ሚስቱ ራሒማ ምግብ በሳህን ሸፍና ተቀምጣለች። ሙዳሲርን ስታይ ተነሣች።

«ጀናቡ፣ ባሌ ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ገዳሪፍ እስር ቤት ከገባ በሬሳ ነው የምቀበለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ግን የቀረን ሁለት አዳር ነው።»

ሙዳሲር አልፏት ገባ።

እስማኤል የገላባት ሰው ነው፤ ድሮ በመተማና በገላባት መካከል ጨው ሲነግድ የኖረ። እጁን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል።

«ጋሽ እስማኤል፣ ማብሪያውን ለምን ነካኸው?»

«ወላሂ አልነካሁም። ጀኔሬተሩን ግን አስነሥቻለሁ። ለክሊኒኩ መድኃኒት ማቀዝቀዣ በየቀኑ አራት ሰዓት ሲሆን አስነሣለሁ፤ ያንን መላው ሰፈር ያውቃል። አስነሥቼ ወጣሁ፤ ከአጥሩ ጥግ ውዱእ ላድርግ ብዬ። ጩኸቱን ሰምቼ ስመለስ እጀታው ወርዷል።»

«እጀታው ሲወርድ ምን ይሆናል?»

ሽማግሌው በጣቱ አየር ላይ ሣለለት። «ላይ ሲሆን ከፀሐዩ ሰሌዳ ይመጣል። ታች ሲሆን ከጀኔሬተሩ ይመጣል። መሃል ላይ ስታቆመው ነው የሚጠፋው። ድሮ ቀለም ነበረበት፤ ተልጦ አልቋል።»

«ሟቹ ሻይ ቤት ውስጥ ሰው እየሰማ ‹አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ትገለኛለህ› ብሎሃል።»

«ብሎኛል!» አለ እስማኤል። «አንድ ቀን ሳልነግረው እጀታውን ነካሁበት፤ ለጥቂት ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ‹ጠፍቷል› ብለው እንኳ አያምነኝም። ቴስተሩን ሽቦው ላይ ሳያስነካ ጣቱን አያሳርፍም። ደግሞስ እኔ ሃፍቱን ገድዬ ምን ላገኝ? ያለሱ ውኃ የለ!»

ሙዳሲር ከኮንቴይነሩ ወጥቶ የሟቹን ዕቃ አስመጣ። ፒንሳ፣ የተጠቀለለ ፕላስተር፣ ግማሽ ሲጋራ፣ የደም ጠብታ ያለበት ሸሚዝ። የሸሚዙ ኪስ ተቆልፏል። ቁልፉን ፈታው። ቴስተሩ እዚያው ነው።

ተቀመጠና አሰበ። ይሄ ሰው በእስማኤል ቃል ሽቦ አይነካም። ቴስተሩን ከኪሱ እንኳ ሳያወጣ ሽቦ ከጨበጠ፣ «ጠፍቷል» ያለው ሌላ ሰው ነው፤ እንደ ራሱ ዓይን የሚያምነው ሰው። ሙዳሲር መዝገቡን ዘግቶ ወደ ቤቱ መሄድ እንደማይችል ያን ጊዜ ገባው፤ ገብቶትም ተናደደ።

ትዕበ ከፓምፑ ሠላሳ እርምጃ ራቅ ብላ፣ ረኩባ በሚሏት የሳር ዳስ ሥር ሻይ ትሸጣለች። ከሑመራ የመጣች፣ አፏ የማይያዝ ሴት ናት፤ ስለ ሰኞ ሲጠይቃት ግን አፏ ተያዘ።

«አደይ ትዕበ፣ ሃፍቱ ጉድቡ ውስጥ ሆኖ ሲናገር ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ምን አለ?»

«‹ጠፊኡ ዶ?› አለ። ጠፍቷል ወይ ማለቱ ነው። ከጀኔሬተሩ ክፍል ‹ጠፊኡ!› አሉት። ጠፍቷል።»

«በትግርኛ መለሱለት?»

«በምን ሊመልሱለት ኖሯል? በእንግሊዝ?»

«እስማኤል ትግርኛ ይችላል?»

«እስማኤል!» አለችና ሳትወድ ሳቀች። «አራት ዓመት ከእኛ ጋር ኖሮ ደህና አደርሽ ማለት እንኳ አልያዘለትም። የመለሰው ልጅ እግር ነው፤ የጎረምሳ ድምፅ ነው።»

«ታዲያ ሽማግሌው ሲታሰር ለምን ዝም አልሽ?»

ትዕበ ብርጭቆውን አጠበች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበች። «ዝም አይነቅዝም ብዬ። እዚህ አገር የተናገረ ሰው ወረቀቱ ነው የሚያዝበት። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ? አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

«ሃፍቱ ረዳት ሲፈልግ ማንን ይጠራል?»

«ማንን ይጠራል! ዘጠና ስድስትን ነዋ።»

ዘጠና ስድስት ስሙ አይደለም፤ ስሙ ክብርኣብ ነው። ሰፈሩ ግን በውጤቱ ነው የሚጠራው። አንድ የውጭ ድርጅት የተከለው የሥልጠና ድንኳን ውስጥ ስምንት ወጣቶች የኤሌክትሪክ ሥራ ይማራሉ፤ የሚማሩትም ሽቦ ሳይነኩ፣ ዓይንን በሚጋርድ ትልቅ መነጽር ነው። ከስምንቱ አንደኛ የወጣው ሀዋታ በሚባለው አገር ለእርሻ ፓምፖች ሠራተኛ ሆኖ ይቀጠራል፤ ከካምፕ የሚያስወጣ የሥራ ፈቃድም ያገኛል። ክብርኣብ ከመቶ ዘጠና ስድስት ይዞ የሚደርስበት ጠፍቷል።

ድንኳኑን የምትመራው ሪሃብ ናት፤ ገዳሪፍ የተወለደች የጎንደሬ ልጅ። በሳምንት ሁለት ቀን ከከተማ እየመጣች መዝገቡን ታያለች፤ ሌላውን ቀን ሠልጣኞቹ ራሳቸው እየተፈራረቁ መነጽሩን ያጠልቃሉ።

«ሰኞ ረፋድ ሠልጣኞችሽ የት ነበሩ?» አላት ሙዳሲር።

«የራሽን ቀን ነበር። ሰባቱ እዚያ ናቸው፤ አሻራ ሰጥተዋል፤ ስማቸውን አይቼዋለሁ። ክብርኣብ ብቻ እዚህ ነበር፤ ልምምድ ላይ።»

«በምን አወቅሽ? አንቺ አልነበርሽ።»

«ማሽኑ ያውቃላ!» ኮምፒውተሯን አዞረችለት። «ሹፍ፤ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ገባ፣ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ወጣ። በመካከሉ አንድ ደቂቃ አልተቋረጠም። ልምምዱ እንዲያውም የፓምፕ መስመር ማጥፋት ነው። አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ እጀታውን መሃል ላይ አቁሞ ቁልፍ አስሮበታል። አንድ ስሕተት የለበትም።»

ሃፍቱ የሞተው እስማኤል ጀኔሬተሩን ካስነሣበት ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ትዕበ ከጮኸችበት ከአራት ሰዓት ተኩል በፊት ነው። ፓምፑ ከድንኳኑ ሦስት መቶ እርምጃ ይርቃል። ልጁ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም።

«ልሞክረው?» አላት ሙዳሲር።

መነጽሩን አጠለቀችለት፤ በሁለት እጁ መያዣ ሰጠችው። ድንኳኑም ሪሃብም ጠፉ፤ ራሱን ጀኔሬተር ክፍል ውስጥ አገኘው። ግድግዳው ላይ ያ ሳጥን አለ፤ ቀለሙ አዲስ ነው፤ እጀታው ያብረቀርቃል። እጁን ሲያነሣ የሐሰት እጅ አብሮት ተነሣ። እጀታውን ጨብጦ እስከ ታች ሳበው። ዓለሙ ሁሉ ቀይ ሆኖ ጮኸበትና መነጽሩን ከራሱ ላይ ነጥቆ አወለቀው።

«ገደልክ» አለች ሪሃብ እየሳቀች። «ሁሉም ሰው መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ያደርጋል። ማጥፋት ማለት ማውረድ ይመስለዋል። መሃሉን ለማስተማር ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

ሙዳሲር አልሳቀም። ላብ አጥምቆታል። አንድ ነገር ግን ልብ ብሏል፤ መነጽሩን እንዳጠለቀ ሪሃብ አጠገቡ ትቁም፣ ትውጣ፣ ሌላ ሰው ይግባ፣ አላወቀም። አጠገብ የቆመም ሰው ከአፍንጫ በላይ ያለ ፊት አይታየውም።

ክብርኣብን ያገኘው በመኖሪያ ድንኳኑ በር ላይ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ትሑት፣ ዓይኑ ከመሬት የማይነሣ። እህቱ መርሃዊት ወንበር አወጣችለት፤ ከእንስራው በግራ እጇ ቀድታ፣ ኩባያውን ወደ ቀኟ አዛውራ ሰጠችው። ሲጠጣው ሞቃት፣ ዝቃጭ ያለበት የቦቴ ውኃ ነው።

«አንቺስ አትማሪም?» አላት፣ ለወሬ ያህል።

«የእኔ የስደተኛ ካርድ ድንበሩ ላይ፣ ሐምዳይት ቀርቶ ነው፣ ጀናቡ» አለች። «አንድ ላይ ነው የተሻገርነው፤ እሱን እዚህ መዘገቡት፣ እኔን ‹ካርድሽ ይምጣ› አሉኝ። አራት ዓመት ሆነ፤ እየመጣ ነው።»

ሙዳሲር ወደ ልጁ ዞረ። «ሰኞ ረፋድ የት ነበርክ?»

«መነጽር ላይ።»

«ሃፍቱ አልጠራህም?»

«አልጠራኝም።»

«የሱን ሞት መቼ ሰማህ?»

«ከልምምድ ስወጣ።» አቧራውን በእግሩ ጫረ። «እንደ አባት ነበር። ሽቦ ሲይዝ ‹ዘጠና ስድስት፣ ና እይ› ይለኝ ነበር።»

ቃሉን ጽፎ ሰጠው፤ ልጁ በቀኝ እጁ ፈረመ። እህቱ ጀርባዋን ሰጥታ ማሰሮ ታጥብ ነበር። በዚያ ሁሉ ጥያቄ አንድ ጊዜ ዞር አላለችም።

ረቡዕ ጠዋት አለቃው ደወለ።

«እስረኛው ነገ ቀትር ላይ ይነሣል አይደል?»

«ጌታዬ፣ ሽማግሌው የገደለ አይመስለኝም።»

«ታዲያ ማን ገደለ?»

«ገና ነኝ።»

«ሙዳሲር፣ አንድ ሰው ሞቷል፣ አንድ ሰው ታስሯል፤ ሒሳቡ ልክ ነው። ሌላ ካለህ ነገ ከቀትር በፊት ንገረኝ። ከሌለህ ሽማግሌውን ጫነው።» ስልኩ ተዘጋ።

ቀኑን ሙሉ ሲዞር ዋለ። ሰባቱን ሠልጣኞች አንድ በአንድ ጠየቀ። አሻራቸው ልክ ነው፤ ራሽን አዳዩም ያውቃቸዋል። አንዱን ብሩኽ የሚባለውን ጠምዶ ያዘው፤ ብሩኽ ከሃፍቱ ጋር ተጣልቶ ነበር ተብሎ ነበርና። ነገሩ ሲጣራ ግን ብሩኽ በዚያ ሰዓት በእናቱ ማሽላ ላይ ተቀምጦ ከሚዛን ሠራተኛው ጋር ሲጨቃጨቅ ሃምሳ ሰው አይቶታል።

ከሰዓት በኋላ፣ ደክሞት፣ ራሽን ማደያው አጠገብ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ከፊቱ ረጅም የድንጋይ ሰልፍ አለ። ሰው የለበትም፤ ድንጋይ፣ የተቀደደ ጫማ፣ ባዶ ጣሳ ብቻ። እያንዳንዱ የአንድ ሰው ወረፋ ነው። አንዲት ሴት መጥታ ሦስት ድንጋይ ገፋ ገፋ አደረገች።

«ሦስቱም ያንቺ ናቸው?» አላት ሙዳሲር።

«አንዱ የእኔ ነው። ሁለቱን ለጎረቤቶቼ ነው የያዝኩላቸው።»

«ሲጠሩ አንቺ ‹አቤት› ትያለሽ?»

«እላለሁ እንጂ። እነሱም ለእኔ ይላሉ።» ጥያቄው አስገርሟታል። «ይሄ ሌብነት ነው እንዴ? ወረፋ መያዝ ነው።»

ሙዳሲር ብድግ አለ። ለሁለት ቀን ሁሉንም «ክብርኣብ የት ነበር?» ብሎ ጠይቋል፤ ሁሉም «መነጽር ላይ» ብለውታል። የክብርኣብ ተራ መነጽር ላይ ነበር፤ እውነት ነው፤ ማንም አልዋሸውም። ተራው ላይ የተቀመጠው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። እሱ መርማሪ ተብዬው!

ወደ ሥልጠናው ድንኳን ሲደርስ ሪሃብ ልትሄድ ዕቃዋን ሰብስባ ነበር።

«ማሽኑ የሚጽፈው ሰዓት ብቻ ነው?»

«ላ፣ ሁሉንም ይጽፋል። የእጅ ፍጥነት፣ የቁመት ልክ፣ በየትኛው እጅ እንደሠራ…»

«በየትኛው እጅ ይላል?»

አየችው። «ግራ። ሁልጊዜ ግራ ነው። አራቱንም ወር።»

«ልጁ የፈረመልኝ በቀኝ ነው» አለ ሙዳሲር። ሪሃብ ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

ማሽን የሚጽፈውን ይዞ ፍርድ ቤት ቢቆም ግን ምን ይጠቅመዋል? አንድ ሰው በግራ እጁም በቀኝ እጁም ይሠራል ቢሉት አለቀ። ቀትር ላይ ሽማግሌው ይጫናል። ሙዳሲር ያን ዕለት ምሽቱ ሳይገባ ከሪሃብ ጋር አንድ ነገር ተማከረ።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ክብርኣብን ከቤቱ አስጠራው። ፓምፑ ጋ ሴቶቹ እንደ ወትሮው ተኮልኩለዋል። ቦቴ የሚያመጣው ውኃ ለግማሹም ስለማይደርስ ሦስት ቀን ሙሉ አፋቸው ደርቋል። ፖሊሶቹ እስማኤልን እጁን አስረው ከመኪናው አጠገብ አቁመውታል፤ ራሒማ የመንገዱን ስንቅ ታቅፋለች። መርሃዊትም ከሴቶቹ መካከል ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች።

«ወንድሜ» አለ ሙዳሲር፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ኡስታህ ሞቷል። ሰፈሩ በውኃ ጥም እያለቀ ነው። አንተ ዘጠና ስድስት ያመጣህ ልጅ ነህ። መስመሩን አጥፋና ኡስታህ የጀመረውን ሽቦ ግጠምልን።»

«እኔ?»

«ከአንተ ሌላ ማን አለ?»

ሴቶቹ እልል አሉ። «ዘጠና ስድስት! ጀግና!» አለች አንዷ። ልጁ ወደ እህቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ጀኔሬተሩ ክፍል ሄደ። ሙዳሲር ተከተለው። የክፍሉ በር ክፍት ነውና ውጭ ያለውም ሰው ያያል። እጀታው ከዚያ ቀን ወዲህ እንደወረደ ነበር፤ ማንም አልነካውም።

ክብርኣብ እጀታው ፊት ቆመ። ቀኝ እጁን አነሣ፤ መለሰው። ሙዳሲር ፊቱን እያየ ምን እንደሚያስብ ገባው፤ ታች ገድሏል፤ ታች ካልሆነ ላይ ነው። ሁለት ቦታ ብቻ ያለው መስሎታል።

ልጁ እጀታውን ጨብጦ በአንድ ጊዜ እስከ ላይ ገፋው። ፀሐይዋ ወጥታለች፤ ጣሪያው ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ያንጸባርቃሉ።

«ጠፍቷል?» አለው ሙዳሲር።

«ጠፍቷል።»

«እሺ፤ ውረድና ግጠም።»

ክብርኣብ ወደ ጉድቡ ሄደ። ወረደ። የሃፍቱን ሽቦ አየ፤ እጁን ዘረጋ።

«አትንካ! ክብርኣብ፣ አትንካው!»

መርሃዊት ጀሪካኑን ወርውራ ሰው እየገፈተረች መጣች። ጉድቡ አፍ ላይ በደረቷ ተኝታ የወንድሟን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «መሃል ነው! መሃል ላይ ነው የሚጠፋው፣ አንተ ደንቆሮ! ላይ ፀሐይ ነው! ስንቴ ልንገርህ ብዬህ ነበር፤ ‹ስለሱ አታውሪኝ› ትለኛለህ!»

ሪሃብ ከንጋቱ ጀምራ የፀሐዩን ሰሌዳ መስመር ነቅላዋለች፤ ጀኔሬተሩም አልተነሣም። ሽቦው ልጁን አይገድለውም ነበር። ያንን የሚያውቁት ግን እሷና ሙዳሲር ብቻ ናቸው።

«መርሃዊት» አላት ቀስ ብሎ፣ «አንቺ በምን አወቅሽ?»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እጁ የታሰረውን እስማኤልን አየች። የተናገረችውን መልሳ መዋጥ እንደማትችል ያን ጊዜ ገባት፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሽቦውን ጨርሼ ልንገርህ» አለች። «ውኃው ይቅደም።»

ማንንም ሳትጠብቅ ወደ ክፍሉ ሄደች። እጀታውን መሃል ላይ አቆመች፤ ከኪሷ በወጣ ገመድ አሰረችው። ቴስተር ጠየቀች፤ የሟቹን ሰጣት። ጉድቡ ውስጥ ወርዳ በግራ እጇ ሽቦውን ነካካች፣ ላጠች፣ ገመደች፣ ጠቀለለች። በዕድሜዋ የእውነት ሽቦ ነክታ አታውቅም፤ እጇ ግን አንድ ጊዜ አልተሳሳተም። ሪሃብ መስመሩን መልሳ ገጠመች። መርሃዊት እጀታውን ወደ ላይ ስትገፋው ሞተሩ አቃሰተና ዞረ። ውኃው መጀመሪያ ቡናማ፣ ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ ግን እልል አላሉም።

የእስማኤል ሰንሰለት የተፈታው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሽማግሌው የእጁን አንጓ እያሸ ሙዳሲርን አልፎት ሄደ። ሙዳሲር ይቅርታ ሊለው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ራሒማ በዓይኗ መለሰችው።

ክብርኣብ ከዚያ በኋላ ምንም አልደበቀም። በትዕበ ረኩባ ሥር ተቀምጦ ተናገረ፤ እህቱ ከጎኑ ናት።

«መጀመሪያ ቀን አጠለቅኩት፤ አዞረኝ፣ አስታወከኝ። እሷ ‹ስጠኝ እስቲ› አለች። በዚያው ቀጠለች። አንደኛ እንወጣለን፣ እኔ ሀዋታ እቀጠራለሁ፣ እሷን ይዤ እሄዳለሁ፣ ማታ ማታ እያስተማረችኝ እሠራለሁ ብለን ነበር። ሰኞ እሷ መነጽር ላይ ሆና እኔ ውጭ ተቀምጬ ኡስታ ጠራኝ። ‹ዘጠና ስድስት፣ እጀታውን አጥፋልኝ፤ በአንተ አምናለሁ› አለኝ።»

«አላውቅም ለምን አላልክም?»

«ዘጠና ስድስት አላውቅም ይላል?» አለ ልጁ። «አወረድኩት። ‹ጠፍቷል ወይ?› አለኝ። ‹ጠፍቷል› አልኩት።»

ሙዳሲር ተናደደ። «ይሁን፣ ስሕተት ነው። ሽማግሌው ሦስት ቀን ባልዋለበት ሲታሰርስ? በዚያ በር ስታልፍ ራሒማን አላየሃትም?»

«አይቻታለሁ። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እል ነበር። ከዚያ ግን ሁሉም ሰው ‹አንተ መነጽር ላይ ነበርክ› አለኝ። ሪሃብም፣ ማሽኑም፣ አንተም። ሦስተኛው ቀን ላይ እውነት መነጽር ላይ የነበርኩ ይመስለኝ ጀመር።»

ሪሃብ ከዳር ቆማ ነበር። «የክብርኣብ ውጤት ይሰረዛል» አለች፣ መርሃዊትን ማየት አቅቷት። «ላንቺ ላዞረው ብል ደስ ይለኝ ነበር። መዓለሽ፣ ይቅር በይኝ እህቴ። በስምሽ የተከፈተ ነገር የለም፤ ካርድ የለሽም። ማሽኑ አያውቅሽም።»

ሙዳሲር በዓረብኛ የሚሞላውን የምስክር ቃል መቀበያ ወረቀት አወጣ። ያለ መርሃዊት ቃል ወንድሟ ማሽኑን ለምስክርነት ጠርቶ ነገ ነጻ ይወጣል፤ እሷም ታውቀዋለች። ምድር ላይ የቀራት ዘመድ እሱ ብቻ ነው። ሙዳሲር ብዕሩን ይዞ፣ እምቢ ብትለው እንዴት ደስ እንደሚለው እያሰበ አፈረ።

ስሟን ጠየቃት፤ ጻፈ። የመጣችበትን ጠየቃት፤ ጻፈ። ሥራ የሚለው ላይ ሳይጠይቃት ጽፎ ወደ ታች ሲወርድ፣ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ስደተኛ።»

«እሱ ሥራ ነው?»

ሙዳሲር ቃሉን ሰረዘውና ከላዩ «የኤሌክትሪክ ሠራተኛ» ብሎ ጻፈ። እንዲያነብላት ጠየቀችው፤ አነበበላት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ አንድ ቃል ሳትዘል፣ ሁሉንም ተናገረች፤ ሰኞ ከሦስት ሰዓት ከሃምሳ እስከ አራት ሰዓት ከሠላሳ አምስት መነጽሩን ያጠለቀችው እሷ እንደነበረች፣ እጀታውን መሃል ላይ ያቆመችው እሷ እንደነበረች፣ ወንድሟ እዚያ እንዳልነበረ። ክብርኣብ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። አንድ ጊዜ «መርሃዊት» አላት፤ ቃሏን ቀጠለች። ስትጨርስ ፈረመች።

ከመኪናው ላይ ፖሊሱ ክብርኣብን ሊጭን ጡሩምባ ነፋ፤ ቀትር ሆኗል። መርሃዊት የፈረመችውን ወረቀት ገና አልለቀቀችም፤ በዓይኗ እየተከተለች ስሟን ትፈልጋለች።

«ከዚህ ላይ ለእኔ አንድ ቅጂ ይሰጠኛል?»

«አይሰጥም» አለ ሙዳሲር። «ከእስረኛው ጋር ነው የሚሄደው።»

ወረቀቱን ከእጇ ወሰደ።